ፊታቸው የት ሄደ?

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርድ ቅጥቅጥ ውስጥ ነበርኩ። የዚያን መንገድ ጠባይ የሄደበት ያውቀዋል። አዘዞን አልፎ እስከ አይከል ድረስ ብርድ ነው። ጭልጋ ላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢው ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ዝም ይላል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምርና ጆሮ ይደፈናል። ነጋዴ ባሕር ሲደረስ ጋቢው ይወልቃል፤ ገንዳ ውኃ ሲቃረብ ደግሞ ሸሚዙም ይከብዳል። በግማሽ ቀን ውስጥ ሌላ አገር የገቡ ይመስላል፤ አፈሩ ሌላ፣ ዛፉ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ።

ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። አነጋገሩ የአዲስ አበባ ነው። ጎንደር ለሥራ መጥቶ "እዚህ ድረስ ከመጣሁ አይቀር የአገሬን ጫፍ ልየው" ብሎ የተሳፈረ ነው። ስልኩ ከእጁ አይወርድም፤ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳውን ስንይዝ ዝናብ ወረደብን። የቆላ ዝናብ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ሰማዩ ተቀደደ ነው የሚባለው። መስታወቱን በውጭ በኩል ውኃ፣ በውስጥ በኩል የእኛው ትንፋሽ ሸፈነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። በዚህ መሐል፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ጥቁሩ ዋልካ ውስጥ ጎማው የሰመጠ አንድ የጭነት አይሱዙ አጠገብ ደረስን። ላዩ ላይ ሰው ሞልቶበታል። ለሰሊጥ አረም የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሰማያዊ ላስቲክ ከራሳቸው በላይ ዘርግተው ተጠጋግተው ቆመዋል። ወጣቱ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጋና ቀጭ አደረገው። እኛም አለፍን።

ወዲያው ዞር ብሎ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ያምራል። መኪናው መኪና አይመስልም። የላስቲኩ ሰማያዊ ቀለም ተዘርግቶ እንደ ሰማይ ሆኗል። ከሥሩ ጠቆር ጠቆር ያሉ ረዣዥም ነገሮች ቆመዋል፤ ዛፍ ናቸው ቢሉኝ አምናለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ብሏል፤ ጀሪካን መሆን አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ የዝናቡ ጠብታዎች ቁልቁል ይወርዳሉ።

"ስሜቱን አዩት ጋሼ?" አለኝ።

አየሁት። የሆነ የማይጨበጥ ኀዘን አለበት። ራቅ ያለ ዘመድን ያስታውሳል፤ ያልሄዱበትን ስደት ያስታውሳል። "ጎበዝ ነህ" አልኩት።

ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ንግግራችንን ሲሰሙ ቆይተው "እስቲ ልየው ልጄ" አሉ። ከበለሳ በኩል የመጡ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ መልሰው ራቅ አደረጉት። በአውራ ጣታቸው የስልኩን ፊት ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ ውኃው እውነተኛ ውኃ መስሏቸው ነው።

"ቅድም መኪናው ላይ የነበሩት ሰዎች ናቸው?"

"አዎ እናቴ።"

"ታዲያ ፊታቸው የት ሄደ?"

ወጣቱ ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለበትም። "እንዲህ ተደርጎ የሚነሳም አለ እናቴ። ፊታቸው እንዲታይ ሳይሆን ስሜቱ እንዲመጣ ነው" አላቸው። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ከመቀነታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡና በጥንቃቄ ፈቱት። ጉርድ ፎቶ ነው። አንድ የአሥራ ስምንት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ አድርጎ፣ ሳይስቅ ወደ ፊት ይመለከታል። ልጃቸው ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ "ለአረም ሄጄ፣ አጨዳውንም ሠርቼ ኅዳር ላይ እመለሳለሁ" ብሏቸው ወጣ። ኅዳር አለፈ። ጥር ላይ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አንዱ መተማ አየሁት ይላል፤ ሌላው ተሻግሯል ይላል። በዚያ አገር "ተሻገረ" ማለት ድልድዩን አልፎ ጋላባት ገባ፣ ወደ ሱዳን ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አይናገርም።

እናም እኚህ እናት ፎቶውን የጠየቁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ምናልባት ከዚያ መኪና ላይ ከቆሙት አንዱ እርሱ ይሆን ብለው ነው።

እኔና ወጣቱ ስሜት ያልነው ነገር ለእርሳቸው የልጃቸው ፊት የጠፋበት ቦታ ነው። ያን ቀን ያነሳሁት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም። የሰውን መከራ አደብዝዞ ማሳመር ነውር ነው ወይስ አይደለም?

* * *

በችኮላ "ነውር ነው" ማለት ይቻላል። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለመፍረድ አይዘገይም። ነገር ግን የተከሳሹን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ ደግ አይደለምና እስቲ የወጣቱን ወገን እንስማ።

በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆዩት ከካሜራ የወጡ ፎቶግራፎች ሁሉ የመጀመሪያው፣ በመስኮት በኩል የታየ ደብዛዛ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ከገጠር ቤቱ የፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ ያነሳው ነው። ዛሬ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ብርሃኑ ሰሌዳው ላይ እስኪያርፍ ብዙ ሰዓት ፈጅቷል። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እስክትዞር ድረስ ስለቆየ የሕንፃዎቹ ግራና ቀኝ ሁለቱም ብርሃን አግኝተዋል። ምን እንደሆነ ካልተነገረን በስተቀር ጣሪያውንና ግንቡን ለመለየት ይቸግረናል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ሲወለድም መስኮት ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን አሸት አሸት እያደረገ ነው።

ከእርሱ በኋላም በመስኮት የተቀመጡ ታላላቅ ሰዎች አሉ። የፕራጉ ጆሴፍ ሱዴክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ እጁን አጥቷል። ከ1940 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. የሥራ ክፍሉን መስኮት ደጋግሞ አነሳ። መስታወቱ በትንፋሽ ይሸፈናል፤ በረዶ ይይዘዋል፤ ውኃ ይወርድበታል። ከመስታወቱ ማዶ ያለችው ጠማማ ዛፍ አንዳንዴ ትታያለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። ሥራውን ሲጀምር ከተማዋ በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር ነበረች። ያን ፎቶ ያየ ሰው "ዛፏ ለምን አልጠራችም?" ብሎ አይጠይቅም። የተዘጋበት ሰው ዓለምን የሚያያት እንደዚያ ነው። ድብዘዛው ራሱ እውነት ነው።

ስለዚህ ድብዘዛ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኀዘን ሲጠና ዓይን ይደበዝዛል፤ ትዝታም ጥርት ብሎ አይመጣም። የሞተብንን ሰው ፊት ለማስታወስ ስንሞክር የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥላውን፣ አረማመዱን፣ የጋቢውን አጣጣል ነው። ወጣቱ "ስሜቱ እንዲመጣ ነው" ሲል የዋዛ ነገር አልተናገረም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

* * *

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያው ከቆላው፣ ከቋራ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ።

የቋራው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ፊታቸውን የምናውቀው ሰዎች ከሳሉት ሥዕል ነው። ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ ግን በተደጋጋሚ ፎቶ ተነስቷል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ ልጁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዞት ሲወርድ እናቱ መንገድ ላይ ሞተችበት። በወራት ውስጥ አባትም እናትም አገርም አጥቶ፣ ካፒቴን ስፒዲ በሚባል እንግሊዛዊ መኰንን ሞግዚትነት እንግሊዝ ገባ።

በዚያው ክረምት ዋይት ደሴት ላይ ወደ አንዲት ሴት ካሜራ ፊት ቀረበ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ ከሰጧት በኋላ ነው። የዶሮ ቤቷን ወደ መስታወት ቤት ለውጣ የፎቶ ክፍሏ አድርጋው ነበር። በዘመኗ የነበሩ የሙያው ሰዎች ፎቶዎቿ ጥርት አይሉም ብለው ይተቿት ነበር። እርሷ ግን ሆን ብላ ነበር የምታደርገው። ሌንሱን እያስተካከለች ስትሄድ ለዓይኗ ውብ ከሆነላት ቦታ ላይ ታቆመዋለች፤ እስኪጠራ ድረስ አትገፋውም። ዛሬ ዓለም ታላቅ የሚላት በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓለማየሁ ፎቶ ላይም ይኸው ለስላሳነት አለ። የአገሩን ልብስ አልብሰውታል። ፊቱ ወደ ጨለማው ቀልጦ ይገባል። ዓይኖቹ ግን እዚያ አሉ። ያየ ሁሉ ልቡ ይነካል። የዘመኑ የእንግሊዝ ሰው አይቶ "እንዴት ያሳዝናል!" ብሎ ይሆናል፤ ፎቶውም ያን እንዲያስብል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። የማን ኀዘን ነው የምናየው? የልጁ ነው ወይስ የሴትዮዋ? ልጁ ምን እያሰበ እንደነበር ማንም አልጠየቀውም፤ ቢጠይቁትም በምን ቋንቋ ይመልሳል? ኀዘኑ ለተመልካቹ ውበት ሆኖ ቀረበ። የኀዘኑ ምክንያት፣ ማለትም ማን ከአገሩ አወጣው፣ ለምን ወጣ፣ ይመለስ ዘንድ ማን ከለከለው የሚለው ሁሉ ከጀርባው ካለው ጨለማ ውስጥ ገባ። ድብዘዛው ፊቱን ብቻ አይደለም ያለሰለሰው፤ ጥያቄውንም አለስልሶታል።

ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ላይ ሞተ። ካሜሮንም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሴሎን ውስጥ አርፋለች። እርሱ የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በተለያየ ጊዜ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን አፅም ሳይረብሹ እርሱን ለይቶ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር። ሰውየው በፎቶም በመቃብርም ከሌላው ተለይቶ መታየት ሳይችል ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ሱዴክም ካሜሮንም አደብዝዘዋል። ሱዴክ ያደበዘዘው የራሱን መስኮት፣ የራሱን እስር ነው። ካሜሮን ያደበዘዘችው የሌላ ሰው ልጅ ነው። አንዱ ከመስታወቱ በስተጀርባ የተዘጋበት ራሱ ነበር፤ ሌላይቱ ግን ሲበቃት በሯን ከፍታ መውጣት ትችል ነበር።

* * *

"ካሜሮን እንግሊዛዊት ነበረች፤ ልጁ የእኛው ነው፣ ይህ ወጣትም የእኛው ነው" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ብዙ ዘመን ፎቶአችንን ሲያነሱ የኖሩት የውጭ ሰዎች ናቸው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት፣ አፍሪካን አፍሪካውያን ራሳቸው አንስተው ያሳዩአት የሚለው ሐሳብ መድረክ አገኘ። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የአንድ አገር ሰው መሆን ብቻውን ከመስታወቱ አንድ ወገን አያስቀምጥም። በዚያ ቅጥቅጥ ውስጥ እኔም ወጣቱም ደረቅ ወንበር ላይ ነበርን። እነዚያ ልጆች ዝናብ ላይ ነበሩ። አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ነን፤ መስታወቱ ግን በመካከላችን ነበር።

ለመሆኑ ከመስታወቱ ማዶ ምን ነበር? ወጣቱ አላወቀም፤ ሊያውቅም አልጠየቀም። እኔ ብነግረው ይሻል ነበር፤ ግን "ጎበዝ ነህ" ብዬው ዝም አልኩ። ማዶ የነበረው ይህ ነው።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ክረምት ላይ አረሙ በጊዜው ካልተነቀለ ይውጠዋል። መስከረምን ተሻግሮ ሲደርስ ደግሞ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ የፍሬው ሽፋን ራሱን ከፍቶ ሀብቱን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት መተማና ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆም፣ የሰው እጅ ይጠማቸዋል። ከደጋው ብዙ ሺህ ወጣት ይወርዳል። ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃም፣ መሬቱ ከጠበበበት ሁሉ። ሌሊት የሚያድረው ብዙው ሜዳ ላይ ነው። ወባ አለ። ካላዛር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው የተሰነጣጠቀውን ጥቁር አፈርና የግራሩን ሥር ነው፤ ልጆቹ ከፀሐይ ሸሽተው የሚያርፉትም እዚያው ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። ሰሊጡ ግን ነጭ ሆኖ፣ ተበጥሮ፣ በጆንያ ተሞልቶ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ሲያመጡ ከኖሩት አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ፎቶው ይናገር አልልም። አንድ ፎቶ ይህን ሁሉ አይሸከምም። የምለው ግን፣ ፎቶ አንሺው ይህን ሳያውቅ ሲያደበዝዝና አውቆ ሲያደበዝዝ አንድ አይደለም ነው። ያወቀ ሰው ይመርጣል፤ ምን እንደደበቀም ያውቃል። ያላወቀ ሰው ግን የሚደብቀው የእነርሱን ፊት ሳይሆን የራሱን አለማወቅ ነው።

* * *

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ጥርት ያለ ፎቶስ ከነውር ነፃ ነው?

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳው ፊልም በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። እዚያ ላይ ምንም የደበዘዘ ነገር አልነበረም። የእናቲቱ የጉንጭ አጥንት፣ የሕፃኑ ዓይን፣ ዝንቡ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ያ ምስል እርዳታ አምጥቷል፤ ስንት ነፍስም አትርፏል። ይህን የሚክድ የለም። ግን ፊቶቹ ዓለምን ሲዞሩ ስም አልነበራቸውም። "የተራቡ ኢትዮጵያውያን" ተባሉ፣ አለቀ። ከአርባ ዓመት በኋላም ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን "ከየት ነህ?" ተብሎ ሲጠየቅና ሲመልስ፣ ከጠያቂው ዓይን ላይ ያችን ምስል ያነብባታል። ዓለማየሁ ስም ነበረው፤ ፊቱ ደበዘዘ። እነዚህ ፊታቸው ጠራ፤ ስማቸው ደበዘዘ።

መተማ ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ፎቶ የሚፈራበት ሌላ ምክንያት አለ። ሊሻገር የመጣ ልጅ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይሸፍናል። ደላላ አለ፤ ፖሊስ አለ፤ ደመወዝ የተበደረ አለ፤ ለቤተሰቡ "ጎንደር ሥራ አግኝቻለሁ" ብሎ የዋሸ አለ። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳም በዚያው በመተማ በር ብዙ ሺህ ሰው ገባ። ሱዳናውያን ነበሩ፤ ከዚያ የተመለሱ የእኛው ሰዎች ነበሩ፤ የሌላ ሌላ አገር ዜጎችም ነበሩ። ትናንት ሐኪም ወይም መምህር የነበረ፣ ዛሬ ሸራ ሥር ውኃ ለመቅዳት የተሰለፈ ሰው ያን ፊቱን ዓለም እንዲያይለት ይፈልጋል? ለእርሱ ድብዘዛ ምሕረት ነው። ገመና መሸፈን ይባላል በእኛ ቋንቋ። የሰውን ገመና ለመሸፈን ያደበዘዘ ሰው ነጠላውን አውልቆ የወደቀን ሰው እንዳለበሰ ይቆጠራል።

እንግዲህ ጥራት ጽድቅ፣ ድብዘዛ ኃጢአት አይደለም። ፊት ሲደበዝዝ "ለማን ብለህ?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለተነሺው ነው ወይስ ለተመልካቹ? ለተነሺው ከሆነ ሽፋን ነው። ለተመልካቹ ምቾት ከሆነ፣ መከራውን አይተን ልባችን እንዲነካ፣ ነገር ግን የማንም ዓይን እኛን ቀጥ ብሎ እንዳያየን ከሆነ፣ መጋረጃ ነው። ዓይን የሌለው ፊት ምንም አይጠይቀንም። ስሜት ይሰጠናል፣ ዕዳ አይሰጠንም። የሚወደደውም ለዚህ ይመስለኛል።

መለኪያ አምጣ ብትሉኝ የማውቀው መለኪያ አንድ ነው፤ እርሱንም ያገኘሁት ከእኚያ እናት ነው። ፎቶውን ያነሳህ ሰው፣ የተነሺው እናት ድንገት አጠገብህ ተቀምጣ "ፊቱ የት ሄደ?" ብትልህ የምትመልሰው አለህ? "እንዳይያዝ ብዬ ሸፈንኩት እናቴ" ካልክ ትመርቅሃለች። "እኔ ራሴ እንባ ይዞኝ አልታይ ብሎኝ ነው" ካልክም ትረዳሃለች። "ስሜቱ እንዲመጣ ነው" ካልክ ግን... እርሳቸው ምንም አላሉም። ጉርድ ፎቶውን ነው ያወጡት።

* * *

ይህን ስጽፍ ራሴን ከወጣቱ ለይቼ አይደለም። እኔም መስኮት አለኝ፤ ይቺው ጽሑፍ ናት። ስንት ጊዜ "በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች" ብዬ ጽፌአለሁ! ስንት ጊዜ "ስደተኞቹ" ብዬ አልፌአለሁ! ይህም ድብዘዛ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ያምራል፤ አንባቢው ያዝናል፤ ገጹም ይገለበጣል። ከሺዎቹ አንዱን ወርጄ "ስምህ ማነው?" ያልኩበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ከላይ ስለ ሰሊጥ የጻፍኩትን አንቀጽ መልሳችሁ ብታዩት እዚያም አንድ ፊት የለም። ለፎቶ አንሺው የምፈርድበትን ለራሴ አላለፍኩትም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ አበው። ያላዩት ፊትም እንደዚያው ነው፤ አይናፈቅም፣ አይፈለግም። እናትየዋን ከበለሳ እስከ መተማ ያስወረዳቸው ያች ጉርድ ፎቶ ናት። በፎቶ ጥበብ ዓይን ስትታይ ምንም አይደለችም። ብርሃኑ ደረቅ ነው፤ መጋረጃው ተጨማድዷል፤ ልጁ እንደ ግንድ ቀጥ ብሏል። ምናልባትም ለመታወቂያ የተነሳት ናት። ስሜት የሚባል የለባትም። ስሜቱ ያለው በሚይዛት እጅ ላይ ነው።

ገንዳ ውኃ ስንደርስ ዝናቡ አባራ። መኪናው ለምሳ ቆመ። ወጣቱ ከወረደ በኋላ ተመልሶ መጣ። ዝም ብሎ ቆየና "እናቴ፣ ያችን ፎቶ ላንሳት። መተማ የማገኛቸውን ሰዎች ሁሉ አሳያለሁ። ስልክም ካለዎት ይስጡኝ" አላቸው። እርሳቸውም ላስቲኩን ፈቱና በሁለት እጃቸው ያዙለት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የእርሱም እጅ ቸኩሏል። ቀጭ አደረገና አሳያቸው።

ተቀብለው አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

"ይቺም እንደዚያችኛዋ ሆነች ልጄ" አሉት። "ድገማት።"

መስኮቱን ጎተት አድርጎ ከፈተው። ብርሃን ገባ። ፎቶዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠና፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ደገማት። ቅንድቡ፣ የሸሚዙ ቁልፍ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ወጣች። እናትየው ጠባሳዋን በጣታቸው እያሳዩ ከየት እንዳገኛት ነገሩት፤ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ወድቆ ነው። ወጣቱ ስሙን ጠየቃቸው። ነገሩት። ስልኩ ላይ ጻፈው።

መተማ ስንደርስ ተለያየን። ልጁ ይገኝ አይገኝ አልሰማሁም። የዝናቡን ፎቶ ወጣቱ ያጥፋው፣ ያስቀምጠው እርሱንም አላወቅሁም። ባያጠፋው ደስ ይለኛል፤ ያምር ነበርና። ግን ከዚያች ጠባሳ ጋር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጠው እመኛለሁ።